«ከ100 በላይ የጠፉ የዶክተር ሁ ክፍሎች ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኙ» የተባለው እውነት ነው? ከጠፋው ፊልም እስከ ካሴት፣ ዲቪዲና ብሉ ሬይ

በየጊዜው አንድ ያረጀ ዜና በስክሪንሾት ይላክልናል። «ዶክተር ሁ» የሚባለው የእንግሊዞች ተከታታይ ፊልም ጠፍተው የነበሩ ከ100 በላይ ክፍሎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ያውም በቴሌቪዥን ጣቢያችን ዕቃ ቤት፣ አቧራ ለብሰው ተገኙ ይላል። ከስሩ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው፦ «እውነት ነው? ከሆነስ የት ደረሱ? ስንት ተሸጡ?»

አጭሩ መልስ፦ እውነት አይደለም። ረጅሙ መልስ ግን ከአጭሩ ይጥማል፤ ምክንያቱም ዜናው ውሸት ሆነ ማለት ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ የለችም ማለት አይደለም። አለችበት። አንዴ ሰብሰብ አድርገን እንጻፈውና ጥያቄው በመጣ ቁጥር ይህችን ጽሑፍ እንላክ ብለናል። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን፤ በእኛ ሲሆን «ዓ.ም» እንላለን።

ፊልሙን ለማታውቁት

«ዶክተር ሁ» ቢቢሲ ኅዳር 13 ቀን 1956 ዓ.ም (ኖቬምበር 23፣ 1963) ማሳየት የጀመረው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። ዋናው ገጸ ባሕሪ «ዶክተሩ» ነው። ከሌላ ዓለም የመጣ ሲሆን፣ ከውጭ ሲያዩት የፖሊስ ስልክ ሳጥን በሚመስል፣ ውስጡ ግን ከውጩ በሚሰፋ መጓጓዣ ጊዜን ወደፊትም ወደኋላም ያቋርጣል። ሊሞት ሲል መልኩ ይቀየርና ሌላ ተዋናይ ይተካል። ይህች ዘዴ ናት ፊልሙን እስከ ዛሬ ያቆየችው። በ1989 ተቋርጦ በ2005 ተመለሰ።

ለኛ ጉዳይ የሚያስፈልጉን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዶክተሮች ናቸው፦ ዊልያም ሃርትኔል (ከ1963 እስከ 1966) እና ፓትሪክ ትራውተን (ከ1966 እስከ 1969)። ሁለቱም የሠሩት በጥቁርና ነጭ ነው። በሁለቱ ዘመን 253 ክፍሎች ተላለፉ። የጠፉት በሙሉ ከነዚህ ውስጥ ናቸው።

እንዴት ይጠፋል?

«ቢቢሲን የሚያህል ጣቢያ የራሱን ፊልም እንዴት ይጥላል?» ብሎ የማይጠይቅ የለም። ግን አልጠፋበትም፤ ራሱ ነው ያጠፋው።

ያኔ ፕሮግራም የሚቀዳበት ባለ ሁለት ኢንች ቴፕ በጣም ውድ ነበር። አንድ ቴፕ ላይ ያለውን አጥፍቶ ሌላ መቅዳት የተለመደ ሥራ ነው። ከተዋንያን ማኅበር ጋር የነበረው ስምምነት ደግሞ አንድን ፕሮግራም ደጋግሞ ማሳየትን ይገድብ ነበር። ቀለም ቴሌቪዥን ሲመጣ ጥቁርና ነጩን ማን ያየዋል ተባለ። ከሁሉም በላይ ግን ሰው ቤቱ ገዝቶ የሚያየው ካሴት የሚባል ነገር በዓለም ላይ ገና አልነበረም። አንዴ የታየ ፕሮግራም ትናንት እንደተነበበ ጋዜጣ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ከ1967 ጀምሮ ቴፖቹ አንድ በአንድ ተሰረዙ።

ለውጭ ጣቢያዎች የሚሸጡ የፊልም ቅጂዎችም ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከስክሪን ፊት 16 ሚሊ ሜትር የፊልም ካሜራ ተደቅኖ ፕሮግራሙ ከስክሪኑ ይቀረጻል። የየትኛውም አገር ጣቢያ የፊልም ማጫወቻ ስለነበረው ፊልም ለሽያጭ ይመቻል። የሽያጭ መብቱ ጊዜ ሲያልፍ ግን እነሱም ተጣሉ። ይህ ሁሉ የቆመው በ1978 ገደማ ነው። ያኔ ቢቢሲ ውስጥ ለቅርስ ክምችቱ ኃላፊ ተሹሞ መቁጠር ሲጀመር፣ መደርደሪያው ላይ ብዙ ባዶ ቦታ ተገኘ።

አንድ ነገር ግን ተርፏል፦ ድምጹ። የያንዳንዱ የጠፋ ክፍል ድምጽ ዛሬ አለ። ያቆዩት የጣቢያው ሰዎች አይደሉም። በዚያ ዘመን የነበሩ ልጆችና ወጣቶች ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ የቴፕ መቅረጫ ከቴሌቪዥኑ ፊት ደቅነው፣ ወይ በሽቦ አገናኝተው የቀዱት። ከሬዲዮ ዘፈን ለመቅዳት ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ የጠበቀ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ካሴት ሲመጣ

በ1983 ፊልሙ 20 ዓመት ሲሞላው ሎንግሊት በሚባል ቦታ ትልቅ በዓል ተዘጋጀ። እዚያ ለመጡ አድናቂዎች «በካሴት ቢወጣላችሁ የምትፈልጉት የትኛውን ታሪክ ነው?» የሚል ጥያቄ ቀረበላቸው። የመረጡት በ1967 የታየውን «የሳይበርመን መቃብር» የሚባለውን ነው። ችግሩ እሱ የለም። ተሰርዟል። ቢቢሲ ምን አደረገ? የዚያኑ ጠላት ስም የያዘ ሌላ ታሪክ፣ «የሳይበርመን በቀል»ን፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ አወጣ። የ«ዶክተር ሁ» የመጀመሪያው የቤት ቪዲዮ ይኸው ነው። ዋጋው ወደ 40 ፓውንድ ነበር፤ በዚያ ዘመን ለአንድ ካሴት አይቀመስም። ያውም የየክፍሉ መግቢያና መውጫ ሙዚቃ ተቆርጦ፣ አራቱ ክፍሎች እንደ አንድ ረጅም ፊልም ተሰፍተው ነው የወጡት።

ይህን ያነሳነው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ትናንት ቦታ አጣበበ ተብሎ የተጣለው ፊልም በአንድ ጊዜ ዕቃ ሆነ፣ ዋጋ አወጣ። ፍለጋው የጦፈውም ከዚያ ወዲህ ነው። በዚያው በ1983 ለንደን ውስጥ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ንብረት ከሆነ ሕንፃ ምድር ቤት ሁለት ክፍሎች ወጡ። በቀጣዩ ዓመት ከናይጄሪያ መጡ። ከቆጵሮስ መጡ። በ1999 ኒውዚላንድ ውስጥ አንድ ሰብሳቢ እጅ ላይ አንድ ክፍል ተገኘ። በ2011 ደግሞ ከዓመታት በፊት ትምህርት ቤት ግቢ በተዘጋጀ ባዛር ከተገዛ ዕቃ ጋር የነበሩ ሁለት ክፍሎች ይፋ ሆኑ።

አድናቂዎቹ ሎንግሊት ላይ የለመኑት «የሳይበርመን መቃብር»ስ? በ1991 መጨረሻ ሆንግ ኮንግ ከሚገኝ ጣቢያ አራቱም ክፍሎች ሙሉ ሆነው ተገኙ። በሜይ 1992 በካሴት ሲወጣ የእንግሊዝን የቪዲዮ ሽያጭ ሰንጠረዥ መራ። ያስቡት፤ 25 ዓመት የሞላው ጥቁርና ነጭ የቴሌቪዥን ድራማ አዳዲስ የሲኒማ ፊልሞችን በሽያጭ ሲቀድም።

ካሴቱ እስከ 2003 ቀጠለ። ዲቪዲው በ1999 «አምስቱ ዶክተሮች» በሚለው ተጀመረ፤ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ «ዘ ኮሌክሽን» በሚል ስም በብሉ ሬይ በየምዕራፉ እየታሸገ መውጣት ጀመረ። በዲቪዲው ዘመን ሁለት ነገር ተጨመረ። አንደኛው ጥገና ነው። ከስክሪን ላይ በፊልም የተቀረጸው ምስል ሲንቀሳቀስ ቆረጥ ቆረጥ ይላል፤ የመጀመሪያው የቪዲዮ ቴፕ ግን ልስልስ ያለ ነበር። ያንን ልስላሴ በኮምፒውተር የሚመልስ ዘዴ ተሠራ። ሁለተኛው አኒሜሽን ነው፦ ልጆች ከቀዱት ድምጽ ጋር አዲስ የተሳለ ምስል ማዋሃድ። በ2006 «ወረራው» በሚባለው ታሪክ የጎደሉ ሁለት ክፍሎች እንዲህ ተሞሉ፤ በ2016 ደግሞ ስድስቱም ክፍሎቹ የጠፉት «የዳሌኮች ኃይል» ሙሉ በሙሉ በአኒሜሽን ወጣ። ስለ አኒሜሽኑ እኛ ብዙ አልተደሰትንም፤ ሥዕሎቹ ደረቅ ያሉ ናቸው። ድምጹን ዓይን ጨፍኖ መስማት ይሻላል የሚሉም አሉ። ግን ባዶ ከሚቀር ይሻላል።

ኢትዮጵያ የምትገባው እዚህ ነው

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት ነው። ጣቢያውን ያቋቋመው ቶምሰን የሚባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ሲሆን፣ ስቱዲዮው አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። አዲስ ጣቢያ ሰዓቱን በሙሉ በራሱ ሥራ መሙላት አይችልም። የውጭ ፊልም ይገዛል ወይ ይከራያል። ከእንግሊዝም፣ ከአሜሪካም።

ቢቢሲ «ዶክተር ሁ»ን ከሸጠላቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ዩጋንዳ፣ ዛምቢያና ሴራሊዮንም አሉበት። ኢትዮጵያ የምትታወቀው ከመጀመሪያው ዶክተር፣ ከሃርትኔል ዘመን ታሪኮች ጋር ነው። ስለዚህ ዛሬ ሽማግሌ የሆነ የአዲስ አበባ ልጅ «ያንን ነጭ ፀጉር ሽማግሌ በጥቁርና ነጭ አይቼዋለሁ» ቢላችሁ ቅዠት ነው አትበሉት። የሐረር ሰው ግን ይህን ለማለት አዲስ አበባ ሄዶ መሆን አለበት፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ስርጭቱ ከመዲናዋና ከዙሪያዋ ብዙም አይርቅም ነበር።

ፊልሞቹ የሚመጡት በቆርቆሮ ታሽገው ነው። ውሉ ግልጽ ነው፦ አሳይተህ ስትጨርስ ወይ ለቢቢሲ ትመልሳለህ፣ ወይ ታቃጥልና የምስክር ወረቀት ትልካለህ፣ ወይ ደግሞ ቀጥሎ ለገዛው አገር ትልካለህ። ሦስተኛው መንገድ ወጪ ስለሚቀንስ ብዙ ይሠራበት ነበር። አንዱ ቅጂ ከአገር አገር እየዞረ ስንት ጣቢያ ያዳርሳል። እንግዲህ የፍለጋው ሁሉ ተስፋ እዚህ ቀዳዳ ላይ ነው ያለው፦ የሆነ ቦታ አንድ የዕቃ ቤት ሠራተኛ መመለሱንም ማቃጠሉንም ረስቶት ይሆን?

መስከረም 26፣ 2006 ዓ.ም

ኦክቶበር 6፣ 2013 ነው። ፊልሙ 50 ዓመት ሊሞላው ሳምንታት ቀርተውታል፤ የአድናቂው ጆሮ ቆሟል። «ሚረር» የተባለው የለንደን ጋዜጣ ዜናውን ለቀቀው፦ ከ100 በላይ የጠፉ የሃርትኔልና የትራውተን ክፍሎች በኢትዮጵያ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ተገኝተዋል። ድርጅቱ በዚያን ጊዜ ኢሬቴድ የምንለው፣ በኋላ ኢቢሲ የሆነው ነው። ዜናው ዓለምን ዞረ። እኛም አገር ገብቶ በፌስቡክ ተቀባብሎታል፤ አሁንም ድረስ እየተቀባበለው ነው።

ዜናውን ለመመርመር መርማሪ መሆን አያስፈልግም። መደመርና መቀነስ ይበቃል።

በዚያን ዕለት ጠፍተው የነበሩት ክፍሎች በአጠቃላይ 106 ነበሩ። ከነዚህ ውስጥ «የዳሌኮች ታላቅ ዕቅድ» የሚባለው ባለ 12 ክፍል ታሪክ አለ፤ ያኔ 9 ክፍሎቹ ጠፍተዋል። ከሱ ጋር የተያያዘ «ተልዕኮ ወደ ማይታወቀው» የሚባል አንድ ለብቻው የቆመ ክፍል አለ፤ እሱም ጠፍቷል። እነዚህን ታሪኮች የገዛ አንድም የውጭ ጣቢያ የለም። ስለዚህ 10 ክፍሎች ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር ጣቢያ መደርደሪያ ሊገኙ አይችሉም። ከ106 ላይ 10 ሲቀነስ 96 ነው። በዓለም ያሉ ጣቢያዎች ሁሉ ዕቃ ቤታቸውን ከፍተው ያላቸውን ቢያወጡ እንኳ «ከ100 በላይ» አይሞላም። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ከሃርትኔል ዘመን ጋር ነው የምትነሳው፤ ዜናው ደግሞ ትራውተንንም ጨምሯል።

ታዲያ ጋዜጣው ከመሬት ተነስቶ ነው የፈጠረው? እንደዚያም አይደለም። ፊልሞች በርግጥ ተገኝተው ነበር። አገሩና ቁጥሩ ነው የተሳሳተው።

ጆስ፣ ናይጄሪያ

ፊሊፕ ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ የድሮ ቴሌቪዥን ፊልሞችን እየፈለገ የአፍሪካን ጣቢያዎች ሲያዳርስ ቆይቷል። ጆስ ውስጥ፣ አንድ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ጣቢያ ዕቃ ቤት ገብቶ፣ መደርደሪያ ላይ ያሉ ቆርቆሮዎችን አቧራ ሲጠርግ የፊልሙን ስም አነበበ። ተቆጥረው 11 ክፍሎች ሆኑ። ሁለቱ ቢቢሲ ያሉት ናቸው፤ ዘጠኙ ግን የትም ያልነበሩ። የጠፉት ከ106 ወደ 97 ወረዱ። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሲገኝ ከስንት አሥርት ዓመታት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር።

ይፋ የሆነው ጥቅምት 1 ቀን 2006 ዓ.ም (ኦክቶበር 11፣ 2013) ነው፤ የኢትዮጵያው ዜና በወጣ በአምስተኛው ቀን። የተገኙት ሁለት የትራውተን ታሪኮች ናቸው፣ ሁለቱም ባለ ስድስት ክፍል። «የዓለም ጠላት» ተሟላ፤ ትራውተን በዚህኛው ዶክተሩንም፣ መልካቸው አንድ የሆነውን አምባገነኑንም ሆኖ ይጫወታል። «የፍርሃት ድር» የሚባለው ደግሞ የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ዋሻዎችን የወረሩ ጭራቆች ታሪክ ነው፤ እሱ ሊሟላ ሲል አንድ ጎደለው። ሦስተኛው ክፍል። ሞሪስ እንዳለው ክፍሉ ጆስ ላይ ሲያገኛቸው ከሌሎቹ ጋር ነበር። ፊልሞቹ ወደ ለንደን እስኪላኩ ባለው ጊዜ ውስጥ ጠፋ፤ የሆነ ሰው ወሰደው። ለአሥርት ዓመታት ማንም ሳይነካው የኖረ ቆርቆሮ፣ ዋጋ እንዳለው በታወቀ ማግስት ተሰወረ።

የአወጣጡ ፍጥነት ለብቻው የሚነገር ነው። ዜናው በተነገረበት ቀን ሁለቱም ታሪኮች አይቲዩንስ ላይ ለሽያጭ ቀረቡ። «የዓለም ጠላት» በዚያው ኖቬምበር፣ «የፍርሃት ድር» በፌብሩዋሪ 2014 በዲቪዲ ወጡ። የተሰረቀው ክፍል መጀመሪያ በፎቶና በድምጽ ተሞላ፤ በ2021 ደግሞ በአኒሜሽን ተሠራ። በ1983 ካሴት ለማግኘት ወደ 40 ፓውንድ ይከፈል የነበረው ፊልም፣ በ2013 ከመገኘቱ ዜና ጋር እኩል ገበያ ላይ ነበር።

እዚህ ለማየት ለምትፈልጉ

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፤ ግን ብዙ የምንጠየቀው እሱን ነው።

ከእንግሊዝ የመጣ የድሮ ካሴት እኛ ጋ ባለ ዴክ ይሠራል፤ ሁለታችንም ፓል በሚባለው ሥርዓት ነው የምንሄደው። ከአሜሪካና ከካናዳ የመጣ ካሴት ግን ኤንቲኤስሲ ስለሆነ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ይፈልጋል። ሐረር ውስጥ ይህን ለማስረዳት አንቸገርም። የሠርግ ካሴት ቶሮንቶ ላለ ዘመድ ተልኮ «ምስሉ ይዘላል፣ ቀለም የለውም» የሚል ስልክ የመጣበት ቤት ብዙ ነው። ካሴቱ አልተበላሸም፤ ሥርዓቱ ነው የማይገጥመው።

ዲቪዲ ላይ ሌላ አጥር አለ። ዓለም በቁጥር ተከፋፍላለች፦ የእንግሊዝ ዲቪዲ ቁጥር 2 ነው፣ ኢትዮጵያ ቁጥር 5። በሕጉ መሠረት አይገጥሙም። በተግባር ግን በጅቡቲም ሆነ በጅጅጋ በኩል የገቡት፣ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያም ሆነ እዚህ ሸዋ በር አካባቢ የተሸጡት ርካሽ ማጫወቻዎች አብዛኞቹ ሁሉንም ቁጥር ያነባሉ። ኮንትሮባንድን አናበረታታም፤ እንደዚያ መሆኑን ግን እናንተም ታውቁታላችሁ። ብሉ ሬይ ላይ ደግሞ ዕድለኞች ነን፤ አውሮፓና አፍሪካ አንድ ምድብ ውስጥ ናቸው። የእንግሊዙ «ዘ ኮሌክሽን» ሕጋዊ በሆነው ማጫወቻም ይሠራል። ማጫወቻው ያለው ሰው ማግኘት ነው ችግሩ።

ቢቢሲ በኖቬምበር 2023 ለ60ኛው ዓመት ከ800 በላይ ክፍሎችን በአይፕሌየር አገልግሎቱ ለቋል። እሱ የተፈቀደው እንግሊዝ ውስጥ ላሉ ብቻ ነው። የሚገርመው የመጀመሪያው ታሪክ፣ ሁሉም የተጀመረበት፣ በመብት ውዝግብ ምክንያት አብሮ አልወጣም። ፍላሽ ይዛችሁ ፊልም የሚጭኑ ልጆች ጋ ብትሄዱ የምታገኙት ከ2005 ወዲህ ያለውን ነው፤ ጥቁርና ነጩን ስትጠይቁ ግራ ተጋብተው ያዩአችኋል። በትርጉም ፊልም የሠራውም አልገጠመንም።

«እኛስ ቤት ቢገኝ?»

የመጨረሻው ጥያቄ ይኸ ነው፤ እንደ ቀልድ ቢጠየቅም ቀልድ አይደለም። የጆሱ ዕቃ ቤት ከማንም የአፍሪካ ከተማ ዕቃ ቤት የተለየ አይደለም። ጆስ ደጋማና ቀዝቀዝ ያለች ከተማ ናት፤ ሐረርም ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ፊልም የሚጠላው ሙቀትና እርጥበትን ስለሆነ ከድሬዳዋ ይልቅ እዚህ ዕድሜ ያገኛል።

አንደኛ፣ ስለ ገንዘቡ። የፊልም ቆርቆሮ ማግኘትና የፊልሙ ባለመብት መሆን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ዶክተር ሁ» ከየትም ይገኝ የቢቢሲ ነው፤ ያገኘ ሰው ቀድቶ መሸጥ አይችልም። ቢቢሲ አብዛኛውን ጊዜ ከሰብሳቢዎች ሲረከብ ያደረገው ፊልሙን ተውሶ መቅዳትና ቅጂውን ማስቀረት ነው። «ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጣሉ» የሚለው ወሬ ጎጂ ወሬ ነው። የጆሱን ሦስተኛ ክፍል ያስወሰደውም እንዲህ ያለ ስሌት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ቆርቆሮውን ስትከፍቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተታችሁ ፊልሙ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው። ሽታው ወደ ሌሎቹም ይጋባል፤ ለብቻ አውጡት፣ ፀሐይ ላይ ግን አታስጡት። በማጫወቻ አትሞክሩት። ደርቆ ከሆነ የመጀመሪያው ሙከራ የመጨረሻው ይሆናል።

ሦስተኛው ከእንግሊዞቹ ፊልም ይልቅ እኛን ይመለከታል። በየቤቱ ያለው ካሴት። ጀጎል ውስጥ ዕቃ በሚከማችበት ክፍል፣ በሳጥን ወይ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የተቀመጡ የሠርግ፣ የዘፈን፣ የዚክር ካሴቶች የሌሉበት ቤት ጥቂት ነው። የነዚህ ሌላ ቅጂ ለንደንም ሆንግ ኮንግም የለም። ከተማችን ውስጥ የቀደመውን የሚሰበስብ ሰው የለም እንዳይባል አብዱላሂ ሸሪፍ አሉ፤ የብራና መጻሕፍትን ብቻ ሳይሆን የድሮ የሐረሪ ሙዚቃ ቅጂዎችንም ለዓመታት ሰብስበው፣ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ባለው ሙዚየማቸው አኑረዋል። የቪዲዮ ካሴት ግን ከብራናም ይፈጥናል። ማግኔቱ በየዓመቱ ይደክማል፣ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ዴክ የሚጠግን ባለሙያም እያለቀ ነው።

ካሴት ወደ ፍላሽ የሚገለብጡ ፎቶ ቤቶች አሁንም አሉ። ስትወስዱ ይህችን ጠይቁ፦ ዴኩ ጭንቅላቱ ተጠርጓል ወይ? ሻጋታ የያዘ ካሴት ሳይጠረግ ከገባ ራሱም ይቧጨራል፣ ዴኩንም ያበላሽና ቀጥሎ የሚገባውን የሌላ ሰው ካሴት ይነካል። ከማስገባታችሁ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥነው እንዲመልሱት ንገሯቸው፤ ለዓመታት የተጣበቀው ይላቀቃል። ፋይሉን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ፍላሽ ብቻውን አይታመንም። ከገለበጣችሁ በኋላም ዋናውን ካሴት አትጣሉ፣ ላዩ ላይ ያለውን ጽሑፍም አትላጡ። ጆስ ላይ ፊልሞቹን ያስገኘው ቆርቆሮው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው።